ዓሣ በሚራባበት ወራት ስለ ማጥመድ

(በሬዲዮ የተሰጠ ንግግር)

ዛሬ ላነጋግራችሁ ያሰብሁት ስለ ዓሣ ነው። ምናልባት ከመካከላችሁ «ጧት ቢሮ ገብቶ ማታ ከቢሮ የሚወጣውን ሰው ከዓሣ ጋር ምን አገናኘው?» የሚል ይኖር ይሆናል። እንዲህ በሚለው ሰው አልፈርድበትም፤ እኔም ራሴ አንድ ነሐሴ በሥራ ምክንያት ወደ ጣና አካባቢ እስከ ሄድሁበት ጊዜ ድረስ፣ ነገሩ የአጥማጁና የሐይቁ እንጂ የእኔ ጉዳይ መስሎ አይታየኝም ነበር። ዛሬ ግን ጉዳዩ የእኔም፣ የእናንተም፣ ይልቁንም የደመወዝተኛው ሁሉ መሆኑን ስለ ተረዳሁ፣ በመጀመሪያ የራሴን ጥፋት ተናግሬ ከዚያ በኋላ ወደ ምክሩ እገባለሁ። ራሱን ሳይወቅስ ሌላውን የሚመክር ሰው ቃሉ ከከንፈሩ አያልፍምና።

ነገሩ እንዲህ ነው። አራት ሆነን በመንግሥት መኪና ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስንጓዝ፣ የጉማራን ወንዝ ድልድይ እንደ ተሻገርን ሕፃናት ዓሣ በገመድ ሰክተው መንገድ ዳር ቆመው አየን። ዓሣው ትልልቅና ገላው የሚያበራ፣ ገና ውሃው ያልደረቀለት ነበር። ዋጋውም በከተማ ከምንገዛበት እኩሌታ አይሞላም። ጊዜው የፍልሰታ ጾም ስለ ነበረ ሁላችንም ከመኪናው ወረድንና እየተሻማን ገዛን። ዓሣ በጾም ይበላል ወይስ አይበላም የሚለውን ክርክር ለሊቃውንቱ ልተወው። ነገር ግን «ይህ ሁሉ ዓሣ በዚህ ክረምት ከወዴት መጣ? ስለ ምንስ እንዲህ ረከሰ?» ብሎ የጠየቀ ሰው ከመካከላችን አንድ እንኳ አልነበረም።

ማታ ባደርንበት ቤት ዓሣውን ለወጥ ቤቲቱ ሰጠናት። ከጥቂት ጊዜ በኋላ «ጋሼ፣ እስቲ ብቅ ይበሉ» ብላ ጠራችኝ። ብሄድ የዓሦቹ ሆድ ተሰንጥቆ፣ ቢጫ እንቁላል እንደ ማሽላ ፍሬ ተዘርግፎ ሁለት ሳሕን ሞልቶ አየሁ። «እርጉዝ ነው እኮ ያመጣችሁት» አለችኝ። ከዚያም የሚፈልገው ስላልነበረ እንቁላሉን ወስዳ ጓሮ ደፋችው። እኛም ዓሣውን በላን።

ከሁለት ቀን በኋላ ወደ ባሕር ዳር ስንመለስ፣ በሐይቁ ዳር አንድ ሽማግሌ አጥማጅ የደንገል ታንኳቸውን ሲጠግኑ አገኘሁ። ሰላምታ ሰጥቼ፣ «አባቴ፣ በክረምት የሚያዘው ዓሣ እንቁላል የሚበዛበት ስለ ምንድን ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው። እሳቸውም እጃቸውን ከሥራ ሳያነሡ፣ «የት ገዛኸው?» አሉኝ። «ጉማራ ድልድይ ላይ» አልኋቸው። «እንግዲያማ ከደጃፉ ላይ ነው የተያዘው። ነጭ ዓሣ በክረምት ወደ ወንዝ የሚወጣው ሊወልድ ነው። ልጄ፣ ምጥ የያዛት ሴት ወደ ቤቷ ስትገባ በር ላይ ጠብቆ የሚመታት ሰው አይተህ ታውቃለህ?» አሉኝ። እኔም አፍሬ፣ ነገሩን ከራሴ ለማራቅ፣ «እርስዎስ በክረምት አያጠምዱም?» አልኋቸው። ጥቂት ዝም ብለው ከቆዩ በኋላ፣ «አጠምዳለሁ። የእኔ ልጆች በክረምትም ይበላሉ። ያንተ ደመወዝ በክረምት ይቋረጣልን?» ብለው መለሱልኝ።

ይህ ጥያቄ እስከ ዛሬ ከጆሮዬ አልወጣም። በንግግሬ መጨረሻ እመለስበታለሁ። አስቀድሜ ግን ሽማግሌው «ደጃፍ» ያሉት ምን እንደ ሆነ፣ ከዚያ ወዲህ ከመጻሕፍትና ከዐዋቂዎች የተማርሁትን ላስረዳችሁ።

ጣና ከሀገራችን ሐይቆች ሁሉ በስፋት የሚበልጥ መሆኑን ሁላችሁም ታውቃላችሁ። ስፋቱ ከ3,000 ካሬ ኪሎ ሜትር በላይ ሲሆን ጥልቀቱ ግን ትንሽ ነው፤ ከ14 ሜትር ገደማ አያልፍም። ዓባይ ከሐይቁ ወጥቶ 30 ኪሎ ሜትር ያህል ከሄደ በኋላ ጢስ ዓባይ ላይ ከ40 ሜትር ያህል ከፍታ ይወድቃል። ይህ ፏፏቴ ለእኛ የሚታይ ጌጥ ነው፤ ለዓሣ ግን የማይዘለል ግንብ ነው። በታችኛው ዓባይ የሚኖረው ዓሣ ፏፏቴውን ወጥቶ ወደ ጣና ሊገባ ስለማይችል፣ የጣና ዓሣ ከሌላው ወንድሙ ተለይቶ እጅግ ረጅም ዘመን ብቻውን ኖሯል።

ከዚህም የተነሣ በዓለም ላይ እምብዛም የማይገኝ ነገር በጣና ተፈጥሯል። ያካባቢው ሰው በአንድ ስም «ነጭ ዓሣ» የሚለውን፣ ሊቃውንቱ ላቢዮባርበስ የሚሉትን ወገን፣ በ20ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ገደማ የሆላንድና የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች አጥንተው 17 ያህል ዓይነት እንዳለው ገለጹ። ከእነዚህም የሚበዙት በሌላ በማንኛውም ሐይቅ አይገኙም። አንዱ አፉ ወደ ላይ የዞረ፣ ሌላው ከንፈሩ የወፈረ፣ ሌላው ሰውነቱ እንደ ጦር የቀጠነ ነው። ስምንት ያህሉ ሌላ ዓሣ አድነው የሚበሉ ናቸው። በእነርሱ ወገን እንዲህ ያለው ጠባይ ያልተለመደ ስለ ሆነ ሊቃውንቱን እጅግ አስደንቋቸዋል። ከእነዚሁ አንዱን ናገልከርከና ሲቢንግ የተባሉ የሆላንድ ሊቃውንት በ1997 እ.ኤ.አ. ስም ሲያወጡለት «ትሩቲፎርሚስ» አሉት፤ ትርጓሜውም «ትራውት መሰል» ማለት ነው። ትራውት ማለት በአውሮፓ ቀዝቃዛ ወንዞች የሚኖር፣ ባለመንጠቆዎች ከዓሣ ሁሉ አብልጠው የሚወዱት ዓሣ ነው፤ በእኛም አገር ከውጭ መጥቶ በባሌ ተራራ ወንዞች ውስጥ ይኖራል። እንግዲህ ከውጭ የመጣውን ትራውት ለማጥመድ ወደ ባሌ የሚወጣ ሰው፣ የራሳችን ትራውት መሰል በጣና መኖሩን ቢያውቅ መልካም ነው።

አሁን ወደ ደጃፉ ልምጣ። ከነጭ ዓሣ ዓይነቶች ቢያንስ ሰባት ያህሉ በሐይቁ ውስጥ ይኑሩ እንጂ እንቁላላቸውን በሐይቁ ውስጥ አይጥሉም። ሐምሌ ገብቶ ወንዞቹ ሲሞሉ፣ ከሰፊው ሐይቅ ተሰብስበው ወደ ጉማራ፣ ወደ ርብ፣ ወደ መገጭ፣ ወደ ግልገል ዓባይና ወደ ሌሎቹም ወንዞች አፍ ይመጣሉ። በዚያ ጥቂት ቆይተው ወንዙን ሽቅብ ይወጡና፣ ውሃው ጠርቶ በጠጠር ላይ ወደሚፈስባቸው ትንንሽ ገባር ጅረቶች ይደርሳሉ። እንቁላሉ በጭቃ ውስጥ ታፍኖ ስለሚሞት ንጹሕ ጠጠርና አየር ያለው ፈጣን ውሃ ያስፈልገዋልና ነው። እንቁላላቸውን በዚያ ጥለው ወደ ሐይቁ ይመለሳሉ። ጫጩቶቹም በወንዙ ጥቂት አድገው በኋላ ወደ ሐይቁ ይወርዳሉ። ይህ ሁሉ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ባለው ጊዜ ይፈጸማል፤ ይልቁንም በነሐሴና በመስከረም ይበረታል።

ቀረሶ የምንለው ዓሣ እንቁላሉን በአፉ ይዞ በሐይቁ ዳር ዳር ሁሉ ተበትኖ ስለሚራባ፣ አጥማጅ በአንድ ቦታ ቆሞ ዘሩን ሁሉ ሊለቅመው አይችልም። ነጭ ዓሣ ግን ዓመቱን ሙሉ በሰፊው ሐይቅ ተበትኖ ቆይቶ፣ በእነዚህ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ በጥቂት ጠባብ በሮች ያልፋል። በበሩ ላይ መረብ የዘረጋ ሰው በአንድ ሌሊት የሚይዘውን፣ በሌላው ጊዜ በብዙ ሌሊት ተንከራትቶ አያገኘውም። እንግዲህ በድልድዩ ላይ ዓሣው የረከሰልን ስለዚህ ነበር። ርካሽ የመሰለን፣ ዋጋውን የሚከፍለው ሌላ ሰው ስለ ሆነ ነው።

ገበሬ በችግር ቀን ከጎተራው ያለውን ሁሉ ይበላ ይሆናል፤ የዘር እህሉን ግን አይነካም። ልጆቹ እየራባቸው እንኳ ለዘር ያስቀመጠውን ጠብቆ ሰኔን ይጠብቃል። የዘር እህሉን የበላ ገበሬ የዚያን ቀን ይጠግባል፤ በዓመቱ ግን ለማኝ ይሆናል። በክረምት ወንዝ አፍ ላይ የሚያዘው ነጭ ዓሣም የሐይቁ የዘር እህል ነው።

ውጤቱ ምን እንደ ሆነ በቃል ብቻ ሳይሆን በቁጥር የታየ ነው። በጣና የሞተር ጀልባና ትልልቅ መረብ ለገበያ ማጥመጃነት የገቡት በ1986 እ.ኤ.አ. ነው። ከዚያ አስቀድሞ ሰዉ በደንገል ታንኳ በዳር በዳሩ ያጠምድ ነበር። ተመራማሪዎች ከ1991 እስከ 2001 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ አከታትለው ቢመዝኑ፣ ለመራባት ወደ ወንዝ የሚወጣው ነጭ ዓሣ ከአራቱ እጅ ሦስቱ እጅ ያህል ቀንሶ አገኙት። የጫጩቶቹ መቀነስ ደግሞ ከዚያም ባሰ፤ ከመቶ ከሰማንያ እጅ በላይ ሆነ። ትልልቁ ዓሣ ቢያንስ «በብዛት ተበላ» ይባላል። ጫጩቱ ሲጠፋ ግን ወላጆቹ ሳይወልዱ እያለቁ መሆናቸውን ያስረዳል። ከዚያም ወዲህ በዓይን የማይታይ የቀጭን ናይሎን ክር መረብ ከውጭ እየገባ ነገሩን አባብሶታል። በወንዞቹ ውስጥ የብርብራ ፍሬ ወቅጠው ውሃውን በመርዝ የሚበክሉም አሉ፤ መርዙ ትልቁንና ትንሹን፣ ወላጁንና ጫጩቱን ሳይለይ ይጨርሳል። ለሕንፃ ሥራ የሚዛቀው የወንዝ አሸዋና ጠጠር፣ በየወንዙ የሚሠራው ግድብ፣ ለመስኖ የሚሳበው ውሃ፣ ይህ ሁሉ የመራቢያውን ቦታ የሚያጠብብ ነው።

ታዲያ ሕግ የለምን? አለ። የዓሣ ሀብት ልማትና አጠቃቀም ዐዋጅ ቁጥር 315 በ1995 ዓ.ም. ወጥቷል፤ የአማራ ክልልም የራሱን ዐዋጅ ደንግጓል። በመርዝ ማጥመድ ክልክል ነው፤ በመራቢያ ወራትና በመራቢያ ቦታም ማጥመድ እንዲገታ ታስቧል። ጣናም በ2007 ዓ.ም. በዩኔስኮ የሰውና የሕይወት ክልል ሆኖ ተመዝግቧል። የመራቢያ ወራትን መዝጋት በዓለም አዲስ ነገር አይደለም። በእንግሊዝ አገር ለወንዝ ዓሣ ከማርች 15 እስከ ጁን 15 መንጠቆ እንዳይጣል የሚከለክለው ሕግ የወጣው በ1878 እ.ኤ.አ. ነው፤ በወንዞች ላይ ዛሬም ይሠራል። በዚያ አገር ሰው መንጠቆውን ግድግዳ ላይ ሰቅሎ ቀኑን እየቆጠረ ይጠብቃል።

በእኛ ዘንድ ግን ሕጉ በመሳቢያ ውስጥ ነው፤ መረቡ በወንዙ ውስጥ ነው። ይህ የሆነው በአጥማጁ ድንቁርና ብቻ ነው ብንል ራሳችንን እንደልላለን። ሽማግሌው አጥማጅ ስለ ነጭ ዓሣ ከእኔ ይልቅ አብልጠው ያውቃሉ። እርጉዟን ዓሣ ሲያዩ የሚያዝኑ እሳቸው ናቸው፤ የበላሁት እኔ ነኝ።

አባቶቻችን «ዓሣ የሚገማው ከአናቱ ነው» ይላሉ። ይህን ተረት ዘወትር በሌላው ላይ እንናገረዋለን፤ ዛሬ ግን በራሳችን ላይ እንተርተው። በመንገድ ዳር ዓሣ የያዘው ሕፃን የሚጠብቀው ማንን ነው? የገበሬውን ጋሪ አይደለም፤ መኪና የያዘውን፣ የውሎ አበል በኪሱ ያለውን የከተማ ሰው ነው። በእሑድ ቀን መንጠቆ ይዞ ለመዝናናት ወደ ወንዝ አፍ የሚወርደውስ ማን ነው? ከጓደኞቼ አንዱ፣ ስሙን አልጠራም፣ ስለ ተፈጥሮ ሀብት ጥበቃ ጽሑፍ አዘጋጅቶ ለየወረዳው ከላከ በኋላ፣ በዚያው ሳምንት ከልጆቹ ጋር ወንዝ አፍ ላይ መንጠቆ ጥሎ ሲዝናና ዋለ። ብነግረው፣ «የእኔ አንድ መንጠቆ ሐይቁን ያደርቀዋልን?» ብሎ ሳቀብኝ። እውነት ነው፤ አንድ መንጠቆ ሐይቅ አያደርቅም። ዳሩ ግን ከማዶ የቆመው አጥማጅ ባለሥልጣኑን እያየ ነበር። የመንጠቆው ጉዳት ጥቂት ነው፤ የምሳሌው ጉዳት ግን ወንዙን ሁሉ ያዳርሳል። ከዚያ ቀን በኋላ ያ ሰው ለዚያ አጥማጅ «መረብህን አንሣ» ቢለው በምን አፉ ይለዋል?

«ይህ ሁሉ ስለ ዓሣ ነውን? ቢጠፋስ?» የሚል ቢኖር፣ በፊሊፒን አገር ላናዎ የሚባለውን ሐይቅ ልጥቀስለት። በዚያም እንደ ጣና በዓለም በሌላ ስፍራ የማይገኙ፣ ከጣናው ነጭ ዓሣ ጋር በዘር የሚቀራረቡ የብዙ ዓይነት ዓሦች ቤተ ሰብ ይኖር ነበር። ከውጭ የገቡ በላተኛ ዓሦች፣ ያለ ልክ ማጥመድና ጎጂ የማጥመድ ዘዴ ተባብረው አጠፏቸው። በ2020 እ.ኤ.አ. ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት 15 ዓይነቶች ፈጽመው እንደ ጠፉ አስታወቀ። ስለዚህ እንዲህ ያለው የዓሣ ቤተ ሰብ ሳይጎድል የቀረበት ሐይቅ ጣና ብቻ ነው ይላሉ ሊቃውንቱ። ገንዘብ የጠፋበት ሠርቶ ይተካል፤ ሕንፃ የፈረሰበት መልሶ ይሠራል። የጠፋ የፍጥረት ዘር ግን በበጀትም በዐዋጅም አይመለስም።

አሁን ወደ ሽማግሌው ጥያቄ ልመለስ። «ያንተ ደመወዝ በክረምት ይቋረጣልን?» አይቋረጥም። ይህን ሳናስብ «ሕግ ይከበር» ብንል ፍርዳችን ከፊል ይሆናል። የመራቢያውን ወራት ስንዘጋ፣ ዓሣው ራሱ ወደ እጁ በሚመጣበት ወራት «እጅህን ሰብስብ» የምንለው ድኻውን ሰው ነው። እርግጥ ወራቱ ከተዘጋ ተጠቃሚው ከሁሉ አስቀድሞ አጥማጁ ራሱ ነው፤ ነገር ግን ጥቅሙ የሚመጣው ከዓመታት በኋላ ነው፤ የልጆቹ ረኀብ ግን የዛሬ ማታ ነው። ስለዚህ በኔ አስተያየት፣ ወንዞቹን የሚጠብቁ ሰዎች የሚቀጠሩ ከሆነ ከአጥማጆቹ መካከል ቢቀጠሩ፣ በተዘጋው ወራት የሚሠራ ሌላ ሥራ ቢዘጋጅላቸው፣ የሚዘጋውም ሐይቁ በሙሉ ሳይሆን የወንዞቹ አፍና መራቢያው ብቻ መሆኑ በግልጽ ቢነገራቸው ሕጉ ከወረቀት ይወርዳል። እነዚህን ነገሮች የሚያቅዱት፣ በጀት የሚጽፉላቸው፣ ደብዳቤ የሚፈርሙላቸው እነማን ናቸው? ይህን ንግግር የምታነቡት እናንተ ናችሁ። በጠረጴዛችሁ ላይ እንዲህ ያለ ጉዳይ ቢመጣ «ይቆይ» ብላችሁ ወደ መሳቢያ ከመመለሳችሁ በፊት፣ ለዓሣው የሚቆይለት ነሐሴ እንደሌለ አስቡ።

ዛሬውኑ፣ ያለ በጀትና ያለ ደብዳቤ፣ ልናደርገው የምንችለውም አለ።

አንደኛ፤ ከሐምሌ እስከ ጥቅምት ነጭ ዓሣ ከወንዝ አፍና ከድልድይ ላይ አንግዛ። የሚገዛው ከጠፋ የሚጠመደው ይቀንሳል። ሕፃኑን ልንረዳው ከፈለግን በቆሎ እሸቱንም ይሸጣልና ያንን እንግዛው።

ሁለተኛ፤ በመንግሥት መኪና የምንጓዝ ሰዎች በተዘጋው ወራት ዓሣ አንጫን። ሕዝቡ የመኪናውን ሰሌዳ አይቶ ሕጉን ይገምታልና።

ሦስተኛ፤ መንጠቆ የምንወድ ሰዎች በእነዚህ ወራት ከወንዞቹ እንራቅ። ለልጆቻችንም ማጥመድን ስናስተምር፣ ማጥመድ የማይገባበትን ጊዜ አስቀድመን እናስተምራቸው።

አራተኛ፤ በምግብ ቤት ስንቀመጥ «ይህ ዓሣ ምን ዓይነት ነው? ከወዴት መጣ?» ብለን እንጠይቅ። ጥያቄው ትንሽ ነው፤ ዳሩ ግን ብዙ ሰው ሲደጋግመው ባለ ምግብ ቤቱ ለነጋዴው፣ ነጋዴውም ለአጥማጁ ያደርሰዋል።

ወገኖቼ ሆይ፤ «ዓሣን መብላት በብልኃት» የሚለው ተረት ስለ አጥንቱ ብቻ የተነገረ ይመስለን ነበር። አጥንቱ የበላተኛውን ጉሮሮ ይወጋል፤ እንቁላሉን የያዘውን ዓሣ መብላት ግን የልጅ ልጁን ጉሮሮ ባዶ ያደርጋል። እኔ በዚያ ነሐሴ ያለ ብልኃት በላሁ። ወጥ ቤቲቱ ጓሮ የደፋችውን ያንን ቢጫ እንቁላል ዛሬም አስታውሰዋለሁ። ወደዚያ አገር ለሥራ ስመለስ ሽማግሌውን ላገኛቸው ተስፋ አለኝ፤ ስለ ደመወዜ ለጠየቁኝ ጥያቄ ገና ሙሉ መልስ የለኝም። ቢያንስ ግን፣ «አባቴ፣ ከዚያ ወዲህ ከድልድዩ ላይ አልገዛሁም፤ የሰሙኝም ሰዎች አልገዙም» ለማለት እንድችል እናንተ እንድትረዱኝ እለምናችኋለሁ።

በሚመጣው ሳምንት በሌላ ንግግር እስክንገናኝ ድረስ ደኅና ሁኑ።